የስልክ አቅም መግለጫና ባለብዙ ሴል ድልድል

የስልክ አቅም መግለጫ ማለት አንድ የሞባይል ስልክ ወይም ሌላ ሲም ካርድ የሚይዝ መሣሪያ ምን ምን መሥራት እንደሚችል ለኔትዎርኩ ዘርዝሮ የሚልከው መልእክት ነው። ስልኩ የሚሠራባቸው ባንዶች፣ በአንድ ጊዜ ሊያጣምራቸው የሚችላቸው ካሪየሮች፣ በስንት አንቴና እንደሚቀበልና ሌሎች በመቶ የሚቆጠሩ ዝርዝሮች በዚህ መልእክት ውስጥ ይገኛሉ። ኔትዎርኩ የሚያምነው በመግለጫው የሰፈረውን ብቻ ነው። በማሸጊያው ላይ «5ጂ» የሚል ቢጻፍም፣ ቺፑም አቅሙ ቢኖረው፣ ስልኩ በመግለጫው ያላሰፈረው ነገር በኔትዎርኩ ዘንድ እንደሌለ ይቆጠራል።

መግለጫው በተለይ የሚወሳሰበው ስልኩ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ሴሎች ሲያገለግሉት ነው። ባለብዙ ሴል ድልድል የሚባለው አሠራር፣ ማለትም ኔትዎርኩ በበርካታ ሴሎች ላይ ለአንድ ስልክ የዳታ ቦታ የሚመድብበት መንገድ፣ ስልኩ ትእዛዞችን ምን ያህል በፍጥነት ፈልጎ ማግኘትና መተርጎም እንደሚችል በትክክል ማወቅን ይጠይቃል።

ሴል፣ ካሪየርና ትእዛዝ

በዕለት ተዕለት ንግግር «ሴል» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ማማውን ነው። በሬዲዮ መሐንዲሶች አነጋገር ግን ሴል ማለት አንድ ካሪየር ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሸፍነው ክልል ነው። በአንድ ማማ ላይ ወደ ሦስት አቅጣጫ የሚመለከቱ አንቴናዎች ተሰቅለው እያንዳንዳቸው አራት ካሪየር ቢያሰራጩ፣ በዚያ ማማ 12 ሴሎች አሉ ማለት ነው። ካሪየር ደግሞ ከአንድ ባንድ ላይ ተቆርጦ የተወሰደ የሞገድ ስፋት ነው። በ4ጂ ቢበዛ 20 ሜጋኸርዝ፣ በ5ጂ ከ6 ጊጋኸርዝ በታች ባሉ ባንዶች ቢበዛ 100 ሜጋኸርዝ ይሰፋል።

በቤዝ ስቴሽኑ ውስጥ ያለው ደልዳይ የትኛው ስልክ በየትኛው ቅጽበት፣ በየትኛው የሞገድ ቁራጭ ዳታ እንደሚቀበል ወይም እንደሚልክ ይወስናል። ውሳኔው የሚሰጠው ስሎት በሚባል የጊዜ ቁራጭ ነው። የ5ጂ ንዑስ ካሪየሮች በ15 ኪሎኸርዝ ሲራራቁ ስሎቱ 1 ሚሊሰከንድ፣ በ30 ኪሎኸርዝ ሲራራቁ ግማሽ ሚሊሰከንድ ይሆናል። ውሳኔው ለስልኩ የሚደርሰው ዲሲአይ በሚባል አጭር ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ በይዘቱ «በዚህ ስሎት፣ በዚህ ቦታ፣ በዚህ ዓይነት ኮድ የተላከ ዳታ አለህና ተቀበል» እንደማለት ነው።

ስልክ ከአንድ በላይ ካሪየር አጣምሮ እንዲጠቀም የተፈቀደው በ4ጂ ደረጃዎች እትም 10 ላይ ነው። ደረጃዎቹን የሚያወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው 3ጂፒፒ የተባለው ዓለም አቀፍ የትብብር ማኅበር ነው። በእትም 10 እስከ 5 ካሪየር፣ በድምሩ እስከ 100 ሜጋኸርዝ ማጣመር ይቻል ነበር። በእትም 13 ቁጥሩ ወደ 32 ከፍ ብሏል። ከሚጣመሩት ሴሎች አንዱ ዋና ሴል ሲሆን ስልኩ ከኔትዎርኩ ጋር ያለውን ግንኙነት የሚጠብቀው በእሱ በኩል ነው። የቀሩት እንደ አስፈላጊነቱ የሚበሩና የሚጠፉ ተጨማሪ ሴሎች ናቸው።

ትእዛዝ ፍለጋ

የዚህን ጉዳይ ክብደት ለመረዳት ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ስልኩ ትእዛዙ በየትኛው ቦታ ላይ እንደሚመጣ፣ ጭራሽ ይምጣ አይምጣም አያውቅም። ስለዚህ በየስሎቱ ትእዛዝ ሊኖርባቸው የሚችሉትን ቦታዎች አንድ በአንድ እየፈታ ይሞክራል። ከእያንዳንዱ ትእዛዝ ጋር 24 ቢት የሆነ የማረጋገጫ ኮድ ይያያዛል። ኮዱ በስልኩ ጊዜያዊ መለያ ቁጥር ተሸፍኖ የሚላክ በመሆኑ፣ ከመለያው ጋር ሲገጥም ስልኩ «ይህ የእኔ ነው» ይላል። ካልገጠመ ወደሚቀጥለው ቦታ ያልፋል። አሠራሩ የዓይነ ስውር ፍለጋ ይባላል፤ ስሙም ይገባዋል።

ፍለጋው ገደብ ከሌለው ባትሪ ይጨርሳል። በመሆኑም የ5ጂ ደረጃ በአንድ ሴል በአንድ ስሎት ስልኩ ሊሞክር የሚገደደውን ብዛት ወስኗል። ይኸውም በ15 ኪሎኸርዝ 44፣ በ30 ኪሎኸርዝ 36፣ በ60 ኪሎኸርዝ 22፣ በ120 ኪሎኸርዝ 20 ሙከራ ነው። ቁጥሮቹ ትንሽ ይመስላሉ። ነገር ግን በ30 ኪሎኸርዝ በአንድ ሰከንድ 2000 ስሎት ስላለ፣ 36 ሲባዛ በ2000 በሰከንድ 72,000 ሙከራ ይመጣል። አራት ሴል ሲሆን 288,000 ይሆናል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ባዶ ናቸው። ስልኩ በኪስ ውስጥ ሆኖ ፊልም ሲያወርድ የሚሞቅበት አንዱ ምክንያት ይህን የመሰለ በዓይን የማይታይ ሥራ ነው።

እስከ አራት ሴል ድረስ ያለውን ፍለጋ ማንኛውም ያን ያህል ሴል የሚያጣምር ስልክ መሸከም አለበት። ከአራት በላይ ማጣመር የሚችል ስልክ ግን በስንት ሴል ልክ መፈለግ እንደሚችል ከ4 እስከ 16 ባለ ቁጥር በመግለጫው ያሳውቃል። አንድ ስልክ 8 ካሪየር አጣምሮ ዳታ መቀበል ይችል ይሆናል፤ ትእዛዝ የመፈለግ አቅሙ ግን የ5 ሴል ብቻ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቤዝ ስቴሽኑ የ5 ሴሉን የፍለጋ ኮታ ለስምንቱ ያከፋፍላል። መቀበልና መፈለግ ሁለት የተለያዩ አቅሞች መሆናቸውን ብዙ የማስተማሪያ ጽሑፎች ሳይነኩት ያልፋሉ። ሆኖም የባለብዙ ሴል ድልድል ዋና ችግር ያለው እዚሁ ላይ ነው።

ሦስቱ የድልድል መንገዶች

ቀላሉ መንገድ እያንዳንዱ ሴል ስለራሱ ዳታ በራሱ ላይ ትእዛዝ መላኩ ነው። ሁለተኛው ከእትም 10 ጀምሮ ያለው የተሻጋሪ ካሪየር ድልድል ሲሆን፣ በአንድ ሴል ላይ የተላከ ትእዛዝ በሌላ ሴል ላይ ስላለ ዳታ ይናገራል። የትኛው ሴል እንደሆነ የሚለየው በትእዛዙ ውስጥ የሚጨመር ቢበዛ 3 ቢት የሆነ የሴል ጠቋሚ ነው። አንዱ ካሪየር በጎረቤት ማማ ሲታወክ ትእዛዙን ጸጥ ባለው ካሪየር መላክ ያዋጣል።

ሦስተኛው በ5ጂ እትም 18 የመጣው ነው፤ አንድ ትእዛዝ ብቻውን እስከ አራት ሴሎች ድረስ ይደለድላል። ለዚህም ሁለት አዲስ የትእዛዝ ቅርጾች ተጨምረዋል። ቅርጽ 1_3 ወደ ስልኩ ለሚመጣ፣ ቅርጽ 0_3 ከስልኩ ለሚወጣ ዳታ ያገለግላሉ። የእድር ጥሪ በየቤቱ በር እየተንኳኳ ከሚነገር ይልቅ አንድ ጊዜ ጡሩንባ ተነፍቶ መንደሩ በሙሉ ቢሰማው ድካሙ እንደሚቀንስ ሁሉ፣ እዚህም ለአራት ሴል አራት ጊዜ የሚላከው 24 ቢት ማረጋገጫ አንድ ጊዜ ብቻ ይላካል። ከዚህ ብቻ 72 ቢት ይተርፋል። ስልኩ «ደርሶኛል» ብሎ የሚመልስበትን ጊዜና ቦታ የመሳሰሉ መረጃዎችም ለሁሉም በጋራ ይነገራሉ። በአንጻሩ የተላከው ዳታ አዲስ ነው ወይስ የድሮው ድጋሚ የሚለው ለእያንዳንዱ ሴል ለብቻው መገለጹ ግድ ነው፤ ምክንያቱም በአንዱ ሴል የተበላሸ ዳታ በሌላው ላይ በደህና ደርሶ ሊሆን ይችላል።

ይህ አሠራር ያለ ዋጋ አልመጣም። አራት ሴል የያዘ ትእዛዝ ረጅም ነው፤ ረጅም ትእዛዝ ደግሞ ከማማው ርቆ ላለ ስልክ በደህና እንዲደርስ ብዙ የሬዲዮ ቦታ ይፈልጋል። ከጠፋም የአንድ ሴል ሳይሆን የአራቱም ዳታ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የሚያዋጣው በተለይ ሰፊ አንድ ወጥ ሞገድ ለሌላቸው፣ በየባንዱ የተበታተነ 10 እና 15 ሜጋኸርዝ ላላቸው ኦፕሬተሮች ነው። በጠባብ ካሪየር ላይ የትእዛዝ ቦታው ፈጥኖ ይሞላል፤ 4ጂና 5ጂ አንዱን ካሪየር ሲጋሩት ደግሞ ይብሳል። በእትም 17 ተጨማሪው ሴል ለዋናው ሴል ትእዛዝ እንዲልክ የተፈቀደውም ይህንኑ መጨናነቅ ለማስታገስ ነበር።

ለእነዚህ ሁሉ ስልኩ የሚያሳውቀው «እችላለሁ» ወይም «አልችልም» ብቻ አይደለም። በእትም 18 በአንድ ትእዛዝ አብረው የሚደለደሉት ሴሎች እርስ በርሳቸው ተመሳሳይ የንዑስ ካሪየር ርቀት ሊኖራቸው ይገባል። ትእዛዙን የሚልከው ሴል ግን ከእነሱ ሊለይ ይችላል፤ ያን መሸከም ራሱን የቻለ አቅም ሆኖ ለብቻው ይገለጻል። ምክንያቱ የጊዜ ነው። ትእዛዙ በ15 ኪሎኸርዝ ሴል ላይ መጥቶ ዳታው በ30 ኪሎኸርዝ ሴል ላይ ቢሆን፣ ስልኩ ትእዛዙን ፈትቶ ሳይጨርስ ዳታው በላዩ ላይ ሊያልፍ ይችላል። እንዳያመልጠው ወይ ያልታዘዘበትን ዳታ ሁሉ በማስታወሻው ማቆየት አለበት፣ ወይ ኔትዎርኩ ዳታውን ትንሽ ማዘግየት አለበት። ወደ ስልኩ የሚመጣውና ከስልኩ የሚወጣው ዳታም በየፊናቸው ይገለጻሉ። የመቀበያ አቅም ኖሮ የመላኪያው አለመኖሩ የተለመደ ነው።

ጥያቄና መልሱ

መግለጫው የሚላከው ኔትዎርኩ ሲጠይቅ ነው። ስልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመዘገብ ቤዝ ስቴሽኑ የአቅም ጥያቄ የሚባል መልእክት ይልክለታል፤ ስልኩም በአቅም መረጃ ይመልሳል። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ ማጣሪያ አለው። ኦፕሬተሩ የሚጠቀምባቸውን ባንዶች ዘርዝሮ «ስለ እነዚህ ብቻ ንገረኝ» ይላል። ስልኩ የጃፓንና የብራዚል ባንዶችን ቢያውቅም በዚህ ጊዜ ስለ እነሱ ዝም ይላል።

መልሱ በኔትዎርኩ ማዕከል ይቀመጣል። ስልኩ ሥራ ፈትቶ ቆይቶ እንደገና ሲነቃ ቤዝ ስቴሽኑ መረጃውን ከማዕከሉ ይወስዳል እንጂ በየጊዜው ስልኩን አያደክምም። ስልኩ አቅሙ ከተለወጠ፣ ለምሳሌ ባለቤቱ 5ጂን ከቅንብሩ ካጠፋ፣ እንደገና ተመዝግቦ የቀድሞው መግለጫ መታደስ እንዳለበት ያሳውቃል።

የመልእክቱ አጻጻፍ ለአሮጌና ለአዲስ መሣሪያዎች አብሮ መኖር የታሰበበት ነው። አዲስ አቅም ሁልጊዜ በቀድሞው መጨረሻ ላይ ይጨመራል። የማያውቀው ቤዝ ስቴሽን ዘልሎት ያልፋል፤ በስልኩ ያልተጠቀሰ አቅም ደግሞ የለም ተብሎ ይወሰዳል። የእትም 18 ስልክ በእትም 15 ኔትዎርክ ላይ ያለ ችግር የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ባለብዙ ሴል ትእዛዙን ግን እዚያ አያገኝም።

የመግለጫው አወቃቀር

በ2ጂ ዘመን ስልክ ስለራሱ የሚናገረው ክላስማርክ በሚባሉ ጥቂት ባይቶች ነበር። 4ጂ የመጀመሪያ እትሙን ሲያወጣ ስልኮችን ከ1 እስከ 5 በምድብ ከፈለ፤ ምድብ 3 በሰከንድ ወደ 100 ሜጋቢት፣ ምድብ 4 ወደ 150 ሜጋቢት ይቀበላል። ከዚያ በተጨማሪ አንድ አስገራሚ ነገር ነበር። በደረጃው ግዴታ የሆኑ አንዳንድ አሠራሮችን የሚሞክሩበት ኔትዎርክ ገና ስላልነበረ፣ ስልኩ የትኞቹን በተግባር እንደተፈተነባቸው በቢቶች ሰንጠረዥ እንዲያሳውቅ ተደረገ። ግዴታ የተባለውን ነገር «አለኝ ወይስ የለኝም» ብሎ መጠየቅ እርስ በርሱ የሚጋጭ ቢመስልም፣ በገበያ ላይ ላሉ እውነተኛ ስልኮች ግን አስተዋይነት ነበር።

5ጂ ምድብን ትቶ ወደ ስሌት ሄዷል። ኔትዎርኩ ስልኩ ባሳወቀው የካሪየር ስፋት፣ የትይዩ ጅረቶች ብዛትና የሞዱሌሽን ዓይነት ከፍተኛውን ፍጥነት ያሰላል። ለምሳሌ 100 ሜጋኸርዝ ስፋት፣ 30 ኪሎኸርዝ ርቀት፣ 4 ጅረትና በአንድ ምልክት 8 ቢት ያለው ስልክ በቀመሩ ወደ 2.34 ጊጋቢት በሰከንድ ይደርሳል። ቀመሩ ግን አንድ ማባዣ አለው፤ ስልኩ 1፣ 0.8፣ 0.75 ወይም 0.4 ብሎ ይመርጣል። 0.75 ካለ ያው ስልክ ወደ 1.75 ጊጋቢት ይወርዳል። አምራቹ «ሁሉንም ካሪየር እቀበላለሁ፤ ሁሉንም በሙሉ ፍጥነት አብሬ መፍታት ግን ይከብደኛል» የሚልበት ጨዋ መንገድ ነው።

አንዳንዱ አቅም ለስልኩ በሙሉ አንድ ጊዜ ይገለጻል። ሌላው በየባንዱ፣ ሌላው በየባንድ ጥምረቱ፣ ሌላው ደግሞ በጥምረቱ ውስጥ ለእያንዳንዱ ካሪየር ይለያያል። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ስልክ በ3.5 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለውን ባንድ ብቻውን በ4 ጅረት ይቀበል ይሆናል፤ 1800 እና 2100 ሜጋኸርዝ ሲጨመሩበት ግን አንቴናዎቹና ማጉያዎቹ ስለሚጋሩ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ወደ 2 ጅረት ሊወርድ ይችላል።

የጥምረት ብዛት ጣጣ

አሥር ባንድ የሚያውቅ ስልክ እንውሰድ። ከአሥሩ ሁለት ሁለቱን ማጣመር 45 ዓይነት፣ ሦስት ሦስቱን 120፣ አራት አራቱን 210 ዓይነት ነው። ነጠላዎቹ ሲጨመሩ 385 ይሆናል፤ የጅረትና የስፋት ልዩነት ገና አልተነካም። በ4ጂ እትም 10 ስልኩ ሊዘረዝር የሚችለው 128 ጥምረት ብቻ ነበር፤ ያም ቶሎ ሞላ። 5ጂ ጣሪያውን ወደ 65,536 ከፍ አድርጎታል።

ጣሪያው ሲነሳ መልእክቱ አበጠ። በ5ጂ አንድ የቁጥጥር መልእክት ከ9000 ባይት መብለጥ አይችልም፤ በ4ጂ 8188 ባይት ነው። ለዚህ የመጀመሪያው መፍትሔ ግልጽ የሆነውን አለመድገም ነው። ሦስት ባንድ አጣምሬ እችላለሁ ያለ ስልክ ከሦስቱ ሁለቱን እንደሚችል ስለሚታወቅ አይዘረዝረውም። የሚደጋገሙ አቅሞችም በአንድ ሰንጠረዥ ተጽፈው ጥምረቶቹ በቁጥር ብቻ ይጠቅሷቸዋል። በእትም 16 ደግሞ ረጅሙ መልእክት እስከ 16 ክፍል ተቆራርጦ እንዲላክ ተፈቀደ። በዚያው እትም የመጣው ሌላው ዘዴ የበለጠ ብልህ ነው። የአንድ ሞዴል ስልኮች በሙሉ መግለጫቸው አንድ ስለሆነ፣ በአምራቹ ወይም በኦፕሬተሩ የተሰጠ መለያ ቁጥር ብቻ ይላካል፤ ዝርዝሩን ኔትዎርኩ ከራሱ መዝገብ ያወጣዋል።

የደህንነት ክፍተት

ለረጅም ጊዜ መግለጫው ምስጠራ ከመጀመሩ በፊት ሊጠየቅ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 አልታፍ ሻይክና ባልደረቦቹ ይህ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አሳዩ። በሐሰተኛ ቤዝ ስቴሽን መግለጫውን የሰማ ሰው የመሣሪያውን አምራችና ዓይነት መለየት ይችላል፤ በየመንገዱ ያለው መሣሪያ ስልክ ይሁን መኪና ወይም ቆጣሪ ያውቃል። ከዚያ የባሰው መካከል ገብቶ መግለጫውን መለወጥ ነው። አጥቂው የካሪየር ማጣመርን መስመር ሰርዞ ቢያሳልፈው፣ ኔትዎርኩ የተጎዳውን መግለጫ በማዕከሉ ያስቀምጠዋል። ስልኩ ከአጥቂው ርቆ ከሄደ በኋላም ቢሆን በዝግታ ሲሠራ ይቆያል፤ ባለቤቱም ኦፕሬተሩን ይወቅሳል እንጂ ሌላ ነገር አይጠረጥርም። የኃይል ቁጠባ ባላቸው አነስተኛ መሣሪያዎች ላይ ደግሞ የቁጠባውን አቅም መሰረዝ ባትሪያቸውን ያለ ጊዜው ይጨርሳል።

3ጂፒፒ ከዚህ በኋላ ደረጃውን አስተካክሏል። በ5ጂ ኔትዎርኩ መግለጫውን የሚወስደው የሬዲዮ ግንኙነቱ ደህንነት ከተረጋገጠ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የተገኘ መግለጫ ወደ ማዕከሉ አይተላለፍም።

በተግባር የሚያጋጥመው

መግለጫ ሲጋነንም ሲቀነስም ጉዳት አለው። ስልኩ የማይችለውን እችላለሁ ካለ፣ ኔትዎርኩ በዚያው ልክ ያዝዘዋል፤ ዳታ ይጠፋል፣ ግንኙነት ይቋረጣል። የሚችለውን ከደበቀ ገዢው የከፈለበትን ፍጥነት አያገኝም። አምራቾች አንዳንድ ጊዜ ሆን ብለው የሚቀንሱት በየኦፕሬተሩ ኔትዎርክ ያልተፈተነ ጥምረት እንዳይበራ ነው። በሶፍትዌር ማሻሻያ ብቻ ስልክ ድንገት የሚፈጥነውም ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የተዘጋ መስመር በመግለጫው ውስጥ ሲከፈት ነው።

ይህ ከውጭ አገር ለዘመድ ስልክ የሚልክ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አከፋፈል ኢትዮጵያ ከአውሮፓና ከቀረው አፍሪካ ጋር በቀጠና 1 ስትሆን አሜሪካ በቀጠና 2 ናት። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ስልክ በመግለጫው የሚያስቀድመው እዚያ የሚሠራበትን፣ ለምሳሌ የ600 ሜጋኸርዙን ባንድና ጥምረቶቹን ነው። የሚመጣበት አገር የሚጠቀምባቸውን ባንዶች አንድ በአንድ ቢያውቃቸውም፣ አጣምሮ ካልዘረዘራቸው በአንዱ ባንድ ብቻ ይሠራል። የስልኩ ምልክት ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ ፍጥነቱ ግን አጠገቡ ካለው፣ በዋጋ ከሚያንሰው ስልክ በታች ሊሆን ይችላል። ባንዶቹን ብቻ ሳይሆን ጥምረቶቹንም ማየት የሚመከረው ለዚህ ነው።

መግለጫው ለዘለቄታው የተሰጠ ቃል ነው፤ የቅጽበቱን ሁኔታ ግን አይናገርም። ስልኩ ሲሞቅ ካሪየሮቹ ወይም ጅረቶቹ እንዲቀነሱለት በሌላ አጭር መልእክት ኔትዎርኩን መጠየቅ ይችላል። ኔትዎርኩ የመቀበል ግዴታ የለበትም። ሁለት ሲም ለያዙ ስልኮች ደግሞ እትም 18 ጊዜያዊ የአቅም ገደብ ማሳወቂያ ጨምሯል። አንዱ ሲም በሥራ ላይ ሳለ ስልኩ ለሌላው ኔትዎርክ «ለጊዜው ይህን ያህል ሴል አትስጠኝ» ይላል፤ ሥራው ሲያልቅ ገደቡን ያነሳል።